«ሁለት ስም፣ አንድ ወፍ» ላሉት ጸሐፊ፦ ኧረ ሁለት ናቸው!

ሰሞኑን ከሰው ሰው ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደርሶ አነበብኩት፣ ርዕሱ «ሁለት ስም፣ አንድ ወፍ» ይላል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ደጋ ላይ ከሳር ሜዳ ሳር ሜዳ ስትሯሯጥ የምናያት፣ ደረቷ ጥቁር ጠቃጠቆ ያለባት ወፍ አለች አይደል፣ ወፍ ተመልካቾች ኢትዮጵያን ትረሽ የሚሏት (ትረሽ የአንድ የወፍ ወገን ስም ነው)፣ ጸሐፊው እሷ ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም ነው የሚሉት። ከታንዛኒያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያለችው ግራውንድስክሬፐር ትረሽ ራሷ ናት፣ የተለየችው በቅርቡ ነው፣ የለዩዋትም የውጭ ሰዎች ለጥቅማቸው ነው፣ የቀለሙ ልዩነት አፈር ነው፣ ወፍ ደግሞ ክንፍ ስላላት ድንበር አያግዳትም፣ እያሉ ይቀጥላሉ። መጨረሻ ላይ «ሴቷና ወንዱ» ብለው ሁለት ፎቶ ለጥፈዋል፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ሰውዬው ወፍ እንደሚወዱ ያስታውቃል፣ አማርኛቸውም ያምራል፣ እዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ግን ጽሑፉን አምነው ሼር ያደረጉ ሰዎች ብዛት ሲያሳስበኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ለመጻፍ እንዲቀለኝ ኢትዮጵያን ትረሿን የኛዋ፣ ግራውንድስክሬፐሯን የደቡቧ እያልኩ ልቀጥል፣ ዓመቶቹም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። «እስከ ቅርብ ጊዜ አንድ ነበሩ፣ አሁን ነው የከፋፈሏቸው» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ልክ ነው፣ ከአንዳንዶቻችን መደርደሪያ ላይ ያሉት የቆዩ የወፍ መፅሐፎች የኛዋንም ግራውንድስክሬፐር ትረሽ ብለው ነው የሚያስቀምጧት፣ ጸሐፊውም ከነሱ አንዱን ይዘው እንደሆነ እገምታለሁ። ግን ትንሽ ወደ ኋላ ቢሄዱ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ሆኖ ያገኙት ነበር። የደቡቧን በሳይንስ ስም የሰየማት አንድሪው ስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ የጦር ሐኪም ነው፣ ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ ተነስቶ ወደ መሀል አገር የዘለቀውን ጉዞ መርቶ ሲመለስ በ1836 ዓ.ም ነው የሰየማት፣ ሊትሲትሲሩፓ ብሎ። ስሙ ከሴትስዋና ቋንቋ ነው፣ ወፏ ስትጮህ የምትለውን የሚያስመስል፣ ደጋግማችሁ ጮክ ብላችሁ በሉትና ምላሳችሁ ሲጠላለፍ ይገባችኋል። የኛዋን ደግሞ በ1837 የሰየማት ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ የፍራንክፈርቱ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ። ይሄ ሰውዬ በ1830ዎቹ መጀመሪያ እዚህ አገር መጥቶ ስሜን ድረስ የወጣ ነው፣ ዋልያንም ጭላዳንም ቀይ ቀበሮንም በሳይንስ ስም የሰየመው እሱ ነው፣ ቀይ ቀበሮና የኛዋ ትረሽ ሁለቱም ሲሜንሲስ የሚል ስም የያዙት በዛ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በደቡብ አንዱ በሰሜን፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ወፍ ብለው ነው የመዘገቧቸው። አንድ ናቸው የተባለው ከዛ በኋላ ነው! በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተራርቀው የሚኖሩ ተመሳሳይ ወፎችን እየሰበሰቡ በአንድ ዝርያ ስር ማጠቃለል ፋሽን ሆኖ ነበር፣ ብዙ ወፍ በዛ ማዕበል ተጠርጎ ገብቷል፣ የኛዋም እንደዛው። ሲጠቀለሉ ደግሞ ህጉ ቀድሞ የወጣው ስም ይይዛል ስለሚል 1836 ከ1837 ቀደመና የዝርያው ስም ሊትሲትሲሩፓ ሆነ፣ የኛዋ ንዑስ ዝርያ ተብላ ከስር ተጻፈች። በቃ ይሄው ነው። ስሚዝ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጸሐፊው «የደቡቧ ራሷን የቻለች አይደለችም፣ የኛዋ ናት» ብለው ይጽፉልን ነበር፣ ወፎቹ ላይ አንድ ላባ ሳይለወጥ። ስለዚ «አዲስ ክፍፍል» የሚሉት ነገር ድሮ የነበረውን መመለስ ነው፣ ማስረጃ አምጡ መባል ያለበትም ሁለት ያለው ብቻ አይደለም፣ አንድ ናቸው ብሎ የጠቀለለውም ጭምር ነው። እሱን ማንም ሲጠይቅ አላየሁም።

ቀጥሎ ቀለሙ። ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳቀኝም በጣም የወደድኩትም ነጥብ ይሄ ነው። የደቡቧ ከስር ነጭ ናት፣ ጠቃጠቆው ነጩ ላይ ቀለም እንደተረጨ ፍንትው ብሎ ነው የሚታየው። የኛዋ ግን ከስር ክሬምማ ቢጫ፣ ማር የነካ ነጠላ በሉት፣ ጠቃጠቆው እሱ ላይ ነው ያረፈው፣ ጀርባዋም ከደቡቧ ግራጫነት ይልቅ ወደ ቡኒ ያደላል። ጸሐፊው ይሄን አይክዱም፣ ግን «ደጋ ላይ ጭቃ ውስጥ ስለምትውል አፈሩ አቅልሟት ነው» ይላሉ።

አፈር ወፍን ያቀልማል ወይ? አዎ ያቀልማል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። አጥንት ከሰማይ እየጣለ ድንጋይ ላይ የሚሰብረውን ትልቁን ጥንብ አንሳ፣ ላመርጋየሩን ታውቁታላችሁ፣ ደረቱ ብርቱካናማ የሚመስለው ብረት ያለበት ቀይ አፈር ውስጥ ሆን ብሎ ስለሚታጠብ ነው፣ በአጥር ውስጥ አድጎ እንደዛ አይነት አፈር ካላገኘ ነጭ ሆኖ ነው የሚቀረው። እና ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ግን እስኪ እናስበው፣ የደቡቧስ ምን ላይ ነው የምትውለው? እሷም መሬት ላይ ናት እኮ፣ ስሟ ራሱ መሬት ጫሪ ማለት ነው፣ እና ደቡብ አፍሪካና ቦትስዋና ውስጥ ያለው ቀይ አፈርና አሸዋ ልብስ ላይ ካረፈ እናት ታጥባ የማትጨርሰው አይነት ነው፣ እሷ ግን እድሜዋን እዛ ላይ እየተሯሯጠች ደረቷ ነጭ ነው። የኛዋን ብቻ መርጦ የሚያቀልም አፈር ከየት መጣ?

ደግሞ በቅርብ አይቻታለሁ። አንድ ክረምት ጠዋት ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ገና ካፊያው ሳያባራ ሳሩ የተከረከመ ግቢ ውስጥ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰው እየጠበቅኩ ነበር፣ ከመስኮቱ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ሁለት የኛዋ ወፎች መጡ። አንዷ አራት አምስት እርምጃ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ እንደ ዘበኛ ደረቷን ገልብጣ ቀና ብላ ትቆማለች፣ ከዛ አንዱን ክንፏን ብቻ ብልጭ ታደርጋለች፣ ግማሽ ከፈት አድርጋ መልሳ ትዘጋዋለች፣ ሲከፈት ውስጡ ያለው ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ቦግ ይላል፣ ወዲያው ጎንበስ ብላ ትሉን ጎትታ ታወጣዋለች። ትሉ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ፏ ብሎ ሲወጣ እሷም ወደ ኋላ ልትወድቅ ትንሽ ነው የሚቀራት። እና ያቺ ሌሊቱን ስትታጠብ ያደረች ወፍ፣ ላባዋ በስብሶ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ክሬምነቱ ደረቷ ላይም ሆዷ ላይም ጉንጯ ላይም እኩል ነበር። ጭቃ ቢሆን እግሯ ስርና ሆዷ ጋ ይበረታ ነበር፣ ወደ ጉሮሮዋ ሲወጣ ይሳሳ ነበር። እንደዛ የሚባል ነገር የለም።

ከሩቅ ይመሳሰላሉ ለሚለው ግን እጄን እሰጣለሁ። አንድ ጓደኛዬ ቦትስዋና ሄዶ ያነሳውን ፎቶ ሲያሳየኝ ስልኩ ላይ በትንሹ አይቼ «ሱሉልታ ነው?» ብዬዋለሁ። ሁለቱም ጅራታቸው አጭር ነው፣ ሁለቱም ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፣ ሁለቱም ከአይናቸው ስር ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር አላቸው፣ ክንፍ ብልጭ የማድረጉ ጠባይም የጋራ ነው። ፎቶውን ሰፋ ሳደርገው ነው ደረቷ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ያገኘሁት። ዘመድ ናቸው እኮ፣ አይመሳሰሉ ያለ ማን አለ?

«ወፍ ክንፍ አላት፣ ድንበር አታውቅም» የሚለው ሶስተኛው ነጥብ ነው፣ ይሄኛው ለስብሰባ ንግግር ይሆናል ለወፍ ግን አይሆንም። የኛዋ የምትኖረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ከፍታዎች ላይ ነው። የደቡቧ ከታንዛኒያ ጀምራ ዛምቢያ፣ ማላዊ፣ አንጎላ፣ ዚምባብዌ፣ ናሚቢያ እያለች ወደ ታች ትወርዳለች። መሀል ላይ ኬንያ አለች፣ ኬንያ ውስጥ ደግሞ አንዷም የለችም። ከኛ ደጋ ጫፍ እስከ ደቡቧ ሰፈር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ ነው ማለት ነው፣ የባዶው ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ የቱርካና አካባቢ የሚያቃጥል ቆላ ነው። ሁለቱም ክረምትና በጋ ተከትለው አህጉር የሚያቋርጡ ወፎች አይደሉም፣ በየሰፈራቸው ከርመው እዛው የሚወልዱ ናቸው። ክንፍ ስላላት ብቻ ትሄዳለች ማለት እግር ስላለኝ ኬፕታውን በእግሬ ደርሼ ተመልሻለሁ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ቢያነሱት ኖሮ የሚያስቸግረኝን ጥያቄ እኔው ላንሳ። አቢሲኒያን ትረሽ የምትባል ሌላ አለች፣ ጠቆር ያለች፣ ምንቃሯ ብርቱካናማ፣ ጎኖቿ ቀላ ያሉ፣ ደጋ ላይ ዛፍ ያለበት ግቢ ካላችሁ ጠዋት ጠዋት ቅጠል ስትገለብጥ ታገኟታላችሁ። እሷ እኛም አገር አለች ኬንያም ተራሮች ላይ አለች፣ እና አንድ ዝርያ ነው የምትባለው። ታዲያ ለሷ ያልከለከለ ርቀት ለዚህችኛዋ ለምን ከለከለ? መልሱ፣ ርቀት ብቻውን ዝርያ አይለይም ነው። የአቢሲኒያኗ ቤቶች ከኛ እስከ ኬንያና ከዛም ወዲያ በየተራራው ተከታትለው የተቀመጡ ናቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱም ወፏ ያው ወፏ ናት። የኛዋ ላይ ግን ርቀቱ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ የመኖሪያው ነገር ደግሞ አለ፣ አንድ ላይ ሲደመሩ ነው ነገሩ የሚከብደው። በነገራችን ላይ አቢሲኒያኗም ድሮ ከደቡብ አፍሪካዋ ኦሊቭ ትረሽ ጋር ተጠቅልላ ነበር፣ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ግሜሊን በ1789 ለብቻዋ ሰይሟት እያለ። በዲኤንኤ ታይታ ነው የተመለሰችው። ያው ታሪክ!

መኖሪያን ካነሳሁ፣ ጽሑፉ «ሁለቱም ሳር ላይ ነው የሚውሉት» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ምግብ ፍለጋው አዎ፣ ባዶ መሬትና አጭር ሳር ይወዳሉ። ግን የደቡቧ የግራርና የሚዮምቦ፣ የሞፓኔ ዛፍ ሰፈር ልጅ ናት፣ ሞቃት የዛፍ ሳቫና፣ ፕሪቶሪያ ከተማ ግቢ ውስጥም ትገባለች። ጎጆዋን ብዙ ጊዜ ድሮንጎ የሚባለው ያ ጭራው መንታ የሆነ ጥቁር ጠበኛ ወፍ አጠገብ ነው የምትሰራው፣ ጭልፊት ሲመጣ እሱ አያስጠጋምና ዘበኛ ቀጥራለች ማለት ይቻላል። የኛዋን ደግሞ ባሌ ዲንሾ ጋ ፈልጓት፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጠዋት አመዳይ ያረፈበት ሳር ላይ፣ ጀርባዋን ለጽዱና ለኮሶው ሰጥታ።

«ይሄ ሁሉ ትንሽ ልዩነት ነው» ለሚል ሰው ቁራዎቹን ላስታውሰው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የሆነው ቁራ የኛና የጎረቤቶቻችን ደጋ ወፍ ነው፣ ወደ ምስራቅና ደቡብ አፍሪካ ስትወርዱ ደግሞ ነጩ ወደ አንገቱ ስር ዝቅ ያለ ሌላ ቁራ አለ፣ ምንቃሩም ትንሽ ያንሳል። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ሁለት ናቸው ሲባል ማንም አይጮህም፣ ጸሐፊውም ቁራችንን ስጡን ብለው ሲከራከሩ አልሰማሁም። ደጋችን እንደ ደሴት ነው፣ ዙሪያውን በቆላ ተከቦ ብዙ ነገር ለብቻው ሲያሳድግ የኖረ፣ ትረሿ ላይ ሲደርስ ብቻ ለምን እንደሚገርም አይገባኝም።

ስለ ዲኤንኤ አንድ አንቀጽ አላቸው፣ «ጥናቱ አንድ መሆናቸውን አረጋግጧል» የሚል። እዚህ ጋ ሁለት ጥያቄ ተደባልቆባቸዋል መሰለኝ። እነዚህ ወፎች ድሮ ከሌሎቹ ትረሾች ተለይተው ሶፎሲክላ በሚባል የራሳቸው ወገን ስር ነበሩ፣ ስሙ ግሪክ ነው፣ ጯሂ ትረሽ እንደማለት። ከዛ በኋላ የወጣ የትረሾች የዘር ጥናት ያሳየው ያ የተለየ ወገን አያስፈልግም፣ ቱርደስ ከሚባለው ከ80 በላይ ዝርያ ካለው ከዋናው የትረሾች ቤት ውስጥ ናቸው የሚለውን ነው። ይሄ የትኛው ቤት ይግቡ የሚለውን ይመልሳል፣ ቤት ውስጥ ሲገቡ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን ግን አይመልስም። «አንድ ሆኑ» የሚለውን ሰምተው ማን ከማን ጋር አንድ እንደሆነ ሳያዩ አለፉት።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልለፈው። «የውጭ ድርጅቶች አዲስ ዝርያ ፈጥረው እርዳታ ሊሰበስቡበት ነው» ብለዋል። ሁለቱም ወፎች በዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ስጋት ከሌለባቸው ጎራ ነው ያሉት፣ ስጋት በሌለበት ወፍ ላይ ማን ነው እርዳታ የሚለምነው? ወፍ ቆጣሪ ቱሪስቶች ዝርዝራቸው ላይ አንድ ቁጥር ስለሚጨምርላቸው ደስ ይላቸዋል የሚለው እውነት ነው፣ ይሁንላቸው፣ ለጋይዶቻችንም እንጀራ ነው። ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይም ሁለቱ ለየብቻቸው ነው ያሉት፣ ያየ ሰው ለየብቻ ይመዘግባል።

«ስሟ ሲሜንሲስ ስለሆነ ስሜን ብቻ ነው ያለችው» የሚለውን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ስሙ መጀመሪያ የተገኘችበትን ይናገራል እንጂ ሌላ ቦታ የለችም አይልም። እንጦጦም፣ ደብረ ሊባኖስም፣ ባሌም አለች፣ በስምጥ ሸለቆው በሁለቱም በኩል ማለት ነው። ቀንድ አውጣን ድንጋይ ላይ እየፈጠፈጠች ትበላለች የሚለውም የአውሮፓው ሶንግ ትረሽ የታወቀበት ጠባይ ነው፣ አንድ የምትወደው ድንጋይ መርጣ ዙሪያውን በቀንድ አውጣ ቅርፊት የምትሞላው እሷ ናት። የሷም ደረት ጠቃጠቆ ስለሆነ ከአንድ የውጭ ጽሑፍ ላይ ተገልብጦ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። «ወንዱ» የተባለው፣ ደረቱ ባለ ጠቃጠቆው፣ ልክ ነው፣ የኛዋ ናት፣ ወንድ ትሁን ሴት ግን ከፎቶ ማንም ሊነግርዎት አይችልም፣ ምክንያቱም የኛዋም የደቡቧም ወንድና ሴታቸው በመልክ አንድ ነው። ይሄን ነገር ያሳሳተዎት የአውሮፓው ብላክበርድ ይመስለኛል፣ እሱ ወንዱ ጥቁር ሆኖ ምንቃሩ ቢጫ ነው፣ ሴቷ ቡኒ ናት፣ ደረቷም ላይ ደብዛዛ ነጠብጣብ ነገር አለባት፣ ሁሉም ትረሽ እንደሱ ነው ብለው ከወሰዱ እዚህ ይደርሳሉ። «ሴቷ» ያሏት ጠቆር ያለችዋ ደግሞ ምንቃሯን ያጉሉና ይዩት፣ ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማ ነው፣ የኛዋ ግን የላይኛው ምንቃሯ ጥቁር ነው። ጎኗም ቀላ ብሏል፣ ደረቷ ላይ አንድም ጥቁር ጠቃጠቆ የለም፣ የቆመችውም ቅጠል የረገፈበት ጥላ ውስጥ ነው። አቢሲኒያን ትረሽ ናት፣ ከላይ ያነሳኋት የግቢዋ። ፎቶው ቆንጆ ነው፣ ብርሃኑ አይኗ ላይ ያረፈበት ሁኔታ እኔ እንኳን ደጋግሜ ሞክሬ ያልተሳካልኝ ነው፣ እባክዎ ከስሩ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ያስተካክሉልን።